የባዕድ ልጅ ለማስጠናት ባሕር ስለ መሻገር

ባለፈው ሰሞን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ባለችው ሻይ ቤት ተሰብስበን ሳለን፣ አንዲት የክፍላችን ልጅ አንድ ወረቀት በደብተርዋ መካከል አድርጋ መጣች። ወረቀቱ የሥራ ውል ነበረ። በዱባይ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለሦስት ልጆቹ እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያስጠና ሰው መፈለጉን፣ አንድ ደላላ ስለ እርስዋ መናገሩን፣ ቤተሰቡም መስማማቱን አጫወተችን። ማደሪያና ምግብ ከቤቱ ነው። ደመወዙም ተመርቃ እዚህ አገር አስተማሪ ብትሆን ከምታገኘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁላችንም እንኳን ደስ አለሽ አልናት፤ የሻይዋንም ሒሳብ ከፈልንላት።

በዚህ መካከል ከእኛው አንዱ «አንቺማ እንደነዚያ አይደለሽም፤ በትምህርትሽ ነው የምትሄጂው» አላት። «እነዚያ» የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም ዐውቀናልና። ፓስፖርት ለማውጣት ከሌሊት ጀምረው የሚሰለፉት፣ የሰው ቤት ሊጠርጉና የሰው ሕፃን ሊያዝሉ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት እኅቶቻችን ናቸው። ነገሩን የተቃወመ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ያ ዝምታችን ነው።

ውሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነበረ። እንግሊዝኛውን ሁላችንም አነበብነው፤ «አስተማሪ» ይላል። ዓረብኛውን ግን ከመካከላችን የሚያነብ አንድ ብቻ ስለ ነበረ እርሱ ቀስ እያለ ተረጐመልን። እዚያ ዐምድ ላይ የሥራዋ ስም «የቤት ውስጥ ሠራተኛ» ይላል። ዝቅ ብሎም «አሠሪው የሚያዝዘውን ሌላ ተስማሚ ሥራ ትሠራለች» የሚል ሐረግ አለበት። ልጅቱ ደነገጠች። ደላላውን በስልክ ብትጠይቀው «እርሱ ለወረቀቱ ያህል ነው፤ አያስጨንቅሽ» አላት።

እኛም የተቈጣነው በደላላው ነበረ። አታላይ ነው አልን። ነገር ግን ቍጣ ብቻውን ዕውቀት አይሆንምና ጥቂት ቀን ሕግ መረመርን፤ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንንም ጠየቅን። ያገኘነው ነገር ከደላላው ይልቅ ራሳችንን የሚያሳፍር ሆነ።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2017 በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ቤት ሠራተኞች ሕግ አውጥታ ነበረ። (ከአገራችን አዋጅ ቍጥሮች በቀር ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ያ ሕግ የቤት ሠራተኛ የሚባሉትን 19 የሥራ ዓይነቶች ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ የቤት አገልጋይ አለች፤ ወጥ ሠሪ አለ፤ ሞግዚት፣ ዘበኛ፣ አትክልተኛ፣ እረኛና የጭልፊት ጠባቂ አሉ። ከእነዚሁም ጋር በአንድ መስመር የቤት አስተማሪ አለ። ሕጉ በ2022 በሌላ ሕግ ቢተካም የቤት አስተማሪው ከዝርዝሩ አልወጣም። ስለዚህ ደላላው በዚህ ነጥብ አልዋሸም። የዋሸናት እኛ ነን። «እንደነዚያ አይደለሽም» ያልናት እኛ ነንና።

ይህን ስንል ሕጉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። እንዲያውም አንብበን ስንጨርስ ብዙ ጥቅም አገኘንበት። በዚያ አገር ሕግ የቤት ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል፤ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጡ መከታተል አለባቸው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዓመትም 30 ቀን ደመወዝ የማይቈረጥበት ዕረፍት አለው። ፓስፖርቱና መታወቂያው በእጁ ይቈያሉ እንጂ አሠሪው አይይዝበትም። እንግዲህ አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል፦ «አስተማሪ ነኝና ይህ ሕግ አይመለከተኝም» ብላ አፍራ የምትሸሸው ልጅና «የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ መብቴም ይህ ነው» ብላ የምትቆመው ልጅ፣ ችግር በመጣ ቀን የትኛይቱ የምትይዘው ነገር አላት? ኵራታችን ከገዛ ጋሻችን አራቀን ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን በዚህ ጊዜ ታሪክ መጥቀስ ይወዳሉ። «በሰው ቤት ልጅ ማስተማር የሊቃውንት ሥራ ነበረ» ይላሉ። እውነት ነው፤ እኛም የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ተማሪዎች ስለሆንን ነገሩን እንወደዋለን። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

አዳም ስሚዝ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበረ። በ1764 ወንበሩን ትቶ፣ የ17 ዓመት ልጅ የነበረውን የባክሉ መስፍን እያስተማረ ፈረንሳይ አገር ዞረ። ቱሉዝ ከተማ ብዙ ወራት ሲቀመጥ ሰውም አያውቅ፣ ሥራም አይበዛበት ስለ ነበረ፣ ጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን መጽሐፍ መጻፍ እንደ ጀመረ ለወዳጁ ለዴቪድ ሂዩም በደብዳቤ ነገረው። በ1776 የታተመው ስለ ሕዝቦች ሀብት የሚናገረው ታላቅ መጽሐፉ ከዚያ ሥራ ጋር ግንኙነት እንዳለው ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። የኤኮኖሚክስ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ግን ስሚዝ የተከበረው ሊቅ ስለሆነ ብቻ ነው? ወደ ውሉ እንመልከት። የመንገዱ ወጪ ተችሎለት በዓመት 300 ፓውንድ ይከፈለው ነበረ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ያው 300 ፓውንድ ዕድሜ ልኩን ጡረታ እንዲሆነው ተስማምቶ ነው የሄደው። በ1790 እስኪሞት ድረስም ተቀበለ። አዳም ስሚዝ ወጥ ቤት ያልገባው በፍልስፍናው ብቻ ሳይሆን በውሉም ነው።

ስሙ ገና ያልታወቀውን ሊቅ ደግሞ እንመልከት። ሄግል በ1793 ትምህርቱን ከቱቢንገን እንደ ጨረሰ ወደ በርን ሄዶ በአንድ የመሳፍንት ቤተሰብ ዘንድ የቤት አስተማሪ ሆነ፤ ሦስት ዓመትም እዚያ ተቀመጠ። የቤቱ ጌታ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ስለ ነበረው ሄግል በእርሱ ተጠቀመ። ነገር ግን ከወዳጆቹ ርቆ በብቸኝነት ኖረና ሆልደርሊን በፍራንክፈርት ሌላ የቤት አስተማሪነት ሲያገኝለት ወዲያው ተነሣ። ሆልደርሊን ራሱ በዚያው ከተማ የአንድ የባንክ ባለቤት ልጆች አስተማሪ ነበረ። የቤቱን እመቤት ወደደ፤ እርስዋም ወደደችው፤ በ1798ም ከጌታው ጋር ተጣልቶ ከቤቱ ወጣ። በሰው ቤት የሚኖር አስተማሪ ቤቱ ሲቀየመው ሥራውንና ማደሪያውን በአንድ ቀን ያጣል። ይህ ያን ጊዜም እንዲሁ ነበረ፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። ማሪያ ስክሎዶቭስካ፣ በኋላ ማሪ ኩሪ የተባለችው፣ በ1886 የ18 ዓመት ልጅ ሳለች ከዋርሶ ወጥታ ወደ ገጠር፣ ሽቹኪ ወደሚባል ቦታ ሄደችና በአንድ ባለ ርስት ቤት የልጆች አስተማሪ ሆነች። የሄደችውም ለራስዋ አልነበረም። እኅትዋ ብሮኒስላቫ ፓሪስ ላይ ሕክምና እንድትማር ገንዘብ ልትልክላት ነው፤ እኅትዋም ስትጨርስ በተራዋ ልትረዳት ተቃጥረው ነበረ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ቃል ኪዳን ለኛ አገር ሰው አዲስ ነው? ገንዘብ ልከው እኛን ያስተማሩ ስንት እኅቶች አሉን!

ማሪያ በዚያ ቤት በመጀመሪያ ተወደደች። ትርፍ ጊዜዋንም ከቤቱ ትልቅ ልጅ ጋር ሆና የገበሬ ልጆችን በፖላንድ ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ታስተምር ነበረ፤ አገሩ በሩሲያ ግዛት ሥር ስለ ነበረ ይህ በሕግ የተከለከለ ነበረ። በኋላ ግን የቤቱ የበኵር ልጅ ወደዳትና ሊያገባት አሰበ። ወላጆቹም ገንዘብ የሌላት የቤት አስተማሪ ለልጃችን አትሆንም አሉ። እርስዋም ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ተቀመጠች፤ በዚያው ማዕድ በላች፤ ልጆቹን አስተማረች፤ እስከ 1889 ድረስ። ምክንያቱም የእኅትዋ ገንዘብ ከዚያ ቤት ይመጣ ነበረና ነው። በ1903ና በ1911 የኖቤል ሽልማት የተቀበለችው ይህችው የቤት አስተማሪ ናት።

እንግዲህ ከሦስቱ ምን እንማራለን? ዕውቀት በሰው ቤት ውስጥ ብቻውን አያስከብርም። የስሚዝ ዕውቀት፣ የሄግልም፣ የማሪያም ታላቅ ነበረ። ልዩነቱ አንዱ ስምና ጥሩ ውል ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ ያልያዙ መሆናቸው ነው። የቤት አስተማሪ ማለት ከእንግዳው ዝቅ፣ ከአገልጋዩ ከፍ ብሎ በመካከል የተቀመጠ ሰው ነው። በደኅናው ቀን ሳሎን ይጠራል። ቤቱ ሲቈጣ ግን ወዴት እንደሚወርድ የሚወስንለት ትምህርቱ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው።

የእኛም አገር ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል። ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከወጣቱ ጀርመናዊ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ በ1652 በጎታው መስፍን በኤርንስት ቤት ተቀጥሮ የመስፍኑን ልጆች ያስተምር ነበረ። በዚያው ዓመት መስፍኑ አባ ጎርጎርዮስን ከሮም አስጠራቸውና ጥቂት ወራት ጎታ ተቀመጡ። እንዴት ያለ ነገር ነው! የቤቱን ልጆች የሚያስተምረው ሰው ራሱ ተማሪ ሆኖ በሐበሻው መነኵሴ ፊት ተቀመጠ። በ1681 የወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉና በ1698 የወጣው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ከዚያ ትምህርት የተገኙ ናቸው። ዛሬ በፋኩልቲያችን የቋንቋ ትምህርት ስንማር የሉዶልፍን ስም እንጠራለን። አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ በ1658 በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። በሰው አገር ያስተማረ ሰው ፍሬው እዚያው ይቀራል፤ ይህን ዐውቆ መሄድ ነው።

ወቀሳው ሁሉ በአሠሪው ላይ ብቻ እንዳይሆን አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። አና ሊዮኖወንስ የተባለች ሴት በ1862 ወደ ባንኮክ ሄዳ የሲያም ንጉሥ የሞንግኩትን ልጆች እንግሊዝኛ አስተማረች። ቃል ስለ ተገባላት ማደሪያ ከቤተ መንግሥቱ ጋር እንደ ተከራከረች ራስዋ ጽፋለች፤ በዚህስ እንፈርድላታለን። ነገር ግን በ1867 ከዚያ ከወጣች በኋላ ስለ ንጉሡ ቤት የጻፈቻቸው መጻሕፍት ብዙ የተጋነነ ነገር እንዳለባቸው ኋላ የመጡ ሊቃውንት አሳይተዋል፤ የራስዋንም የትውልድ ታሪክ ለውጣ ትናገር ነበረ። ከዚያ ታሪክ የተወሰደው የ1956ቱ ፊልም በታይላንድ እንዳይታይ ተከለከለ። የሰው ቤት ገብቶ የኖረ ሰው ለቤቱ የእውነት ዕዳ አለበት። በደልን መናገር መብት ነው፤ አጋንኖ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ይህን የምንለው ከዓረብ አገር ወይም ከአውሮፓ የሚመለስ ጓደኛችን ወይ ሁሉን ገነት፣ ወይ ሁሉን ሲኦል አድርጎ ማውራት ስለሚወድ ነው። እኛን የሚጠቅመን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ምን እንደ ተከፈለው፣ የት እንደ ተኛ ቢነግረን ነበረ።

አሁን ደግሞ ባሕሩን ሳንሻገር ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእኛ መካከል በዚህ ከተማ የሰው ልጅ የማያስጠና ስንት ነው? ማታ ማታ በታክሲ ተጋፍተን ወደ ባለጸጎች ሰፈር እንሄዳለን። በሩን የምትከፍትልን የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሳሎን ተቀምጠን ሻይ የምታመጣልንም እርስዋ ናት። ልጁ «ቲቸር» ይለናል፤ እርስዋን ግን በስምዋ እየጠራ ያዝዛታል። እናቲቱ ያስጠናንበትን ገንዘብ «በሚቀጥለው ሳምንት» ስትለን አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን እንጂ አንከራከርም። ስንወጣም በሩን የምትዘጋልን ያችው ሠራተኛ ናት። የእርስዋም ደመወዝ «በሚቀጥለው ሳምንት» ተብሎ ይሆናል፤ ጠይቀናት ግን አናውቅም።

በበኩላችን ይህን ስንጽፍ አፍረናል። አንድ ዓመት ሙሉ በሄድንበት ቤት ሻይ ያመጣችልንን ልጅ ስምዋን የጠየቅነው ባለፈው ሳምንት ነው። ከወሎ ገጠር የመጣች ናት። ስምዋን ነገረችንና «እርስዎስ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርሱ የት ይሠራሉ?» አለችን። «እንጃ፤ ውጭ አገር ሊሆን ይችላል» አልናት። እርስዋም ሣቅ ብላ «እኔም ወረፋ ይዣለሁ» አለች። ወረፋው አንድ ነው እንግዲህ።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ ተነሥተው «ከነጭራሹ መሄድ አያስፈልግም፤ የአገራችን ልጆች አስተማሪ አጥተው ሳለ የባዕድ ልጅ ማስተማር ክሕደት ነው» ይሉን ይሆናል። ይህን ቃል እናከብራለን። በገጠር ትምህርት ቤቶች ያለውን የአስተማሪና የመጽሐፍ እጥረት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነገር ግን ይህን ምክር ለማን ነው የምንሰጠው? ወንድሞችዋን ለምታስተምር፣ የእናትዋን መድኃኒት ለምትገዛ ልጅ «አትሂጂ» ማለት ቀላል ነው፤ «ከሄድሽ የምታገኚውን እኛ እንሰጥሻለን» የሚል ግን የለም። መንግሥትም መከልከልን ሞክሯል። በ2013 ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድ ተከልክሎ እስከ 2018 ቆየ። ክልከላው መሄድን አላስቀረም፤ ብዙዎችን ወደ ሕገ ወጥ መንገድ ገፋ እንጂ። እኛም መከልከልን አንመክርም። ዐውቆ መሄድን እንመክራለን፤ ዐውቆ መቅረትንም።

ሌሎች ደግሞ «ዱባይን ትታችሁ አውሮፓን ተመልከቱ፤ እዚያስ ክብር አለ» ይላሉ። እንመልከት። በአውሮፓ «ኦ ፔር» የሚባል ነገር አለ። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጕሙም «በእኩልነት» ማለት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት ስለ ነገሩ በ1969 ስትራስቡርግ ላይ ስምምነት አውጥቷል። በጀርመን አገር ደንቡ እንዲህ ነው፦ ልጅቱ ወይም ልጁ ከ18 ዓመት ያላነሰ፣ 27 ያልሞላ ይሆናል፤ መጠነኛ ጀርመንኛ ማወቅ አለበት፤ ከቤተሰቡ ጋር ቢበዛ አንድ ዓመት ይኖራል፤ ልጆች ይጠብቃል፤ ቀላል የቤት ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም በሳምንት ከ30 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። ምግብና ማደሪያ አለው፤ በወርም 280 ኤውሮ የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል። ልብ በሉ፤ «የኪስ ገንዘብ» ነው እንጂ ደመወዝ አልተባለም፤ ኦ ፔር ቋንቋና ባህል ሊማር የመጣ እንግዳ ነውና። ለአንዳንዱ ይህ መልካም ዕድል ነው፤ ቋንቋ ተምሮ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚገባበት ደረጃ ይሆነዋል። ለቤተሰቡ ገንዘብ ሊልክ ለሚሄድ ሰው ግን 280 ኤውሮ ከንቱ ተስፋ ነው። ኖርዌይም ይህ «እኩልነት» ርካሽ የቤት ሠራተኛ ማግኛ ሆኗል የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲካሄድባት ቈይቶ በ2024 አሠራሩን አስቀርታዋለች። እንግዲህ በአንዱ አገር አስተማሪው ሠራተኛ ይባላል፤ በሌላው አገር ሠራተኛው እንግዳ ይባላል። ስም አያታልለን።

ስለዚህ የምንለው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ለሚሄድ ሰው ነው። ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። የሥራው ስም በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው ወይ? ስንት ልጆች፣ በስንት ዕድሜ፣ በቀን ስንት ሰዓት? ከማስጠናት ሌላ የሚታዘዘው ሥራ በስም ተዘርዝሯል ወይስ «ሌላ ተስማሚ ሥራ» ተብሎ ክፍት ተትቷል? የሚተኛበት ክፍል በር ከውስጥ ይዘጋል ወይ? ስልኩ በእጁ ይሆናል ወይ? ፓስፖርቱስ? በሳምንት የሚያርፍበት ቀን የትኛው ነው? ሥራው ቢቋረጥ የመመለሻውን ትኬት የሚከፍል ማነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኛም አገር ሕግ መልስ አለው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛውንና የመሄጃና የመመለሻ ጕዞውን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና ክትባቱን የመሰለው ወጪ የሠራተኛው ነው። እንግዲህ «የቪዛና የትኬት» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ሲመጣ ምን እንደሚባል ከዚህ ይታወቃል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1246 ስለ ተሻሻለ ሁለቱንም አጣምሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን የኳስ ውድድር ያዘጋጃል፤ የግጥም ማታ ያዘጋጃል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ከአባሎቹ ብዙዎቹ ማታ ማታ በሰው ቤት እየሠሩ የሚኖሩ፣ ሲመረቁም ባሕር ለመሻገር የሚያስቡ ሆነው ሳለ ስለዚህ አንድ ቀን ተሰብስቦ አያውቅም። ከሕግና ከቋንቋ ተማሪዎች የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ ቢቋቋም፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ፣ ውል ይዞ የመጣውን ሁሉ ቢያነብለትና ቢተረጕምለት ምን ገንዘብ ይጠይቃል? አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይበቃዋል። በእንግሊዝ አገር የቤት አስተማሪ ሴቶች ሥራ ሲያጡና ሲያረጁ የሚወድቁበት ስለ ነበረ በ1840ዎቹ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመላቸው፤ ከዚያም ሥራ የተነሣ በ1848 ለንደን ውስጥ ለሴቶች ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ተከፈተ። ትልቁ ነገር ከትንሽ ጠረጴዛ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናለን። ይህ ጠረጴዛ የተማሪ ብቻ እንዳይሆን። ዓረብኛውን ለክፍላችን ልጅ ያነበበላት ጓደኛችን ለዚያች ሻይ ለምታመጣልን ልጅም ሊያነብላት ይችላል። እርስዋም የምትፈርመው ያንኑ ዓይነት ወረቀት ነው፤ ምናልባትም ያንኑ ሐረግ የያዘ። ለእኛ የሚያነብልን ጓደኛ አለን። ለእርስዋ ማን አለ? የተማረ ሰው ብድሩን ይክፈል ሁልጊዜ ይባላል፤ እንዴት እንደሚከፈል ግን አይነገረንም። አንድ ገጽ ማንበብ ክፍያ ነው።

ያቺ የክፍላችን ልጅ እስካሁን አልፈረመችም። አልሄድምም አላለችም። «ሌላ ተስማሚ ሥራ» የሚለው ሐረግ ተሰርዞ ሥራው በስም እንዲዘረዘር፣ የዕረፍት ቀንዋም እንዲጻፍ ጠይቃ ወረቀቱን መልሳለች። ደላላው «አንቺ ብዙ ታበዢያለሽ፤ ሌላ ሰው አይጠፋም» ብሏታል። እውነቱን ነው፤ ሌላ ሰው አይጠፋም። ይህ ጋዜጣ እስኪባዛ ድረስ መልስ አልመጣላትም።

ያን ዕለት በሻይ ቤቱ «አንቺማ እንደነዚያ አይደለሽም» ያላት ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከእኛ ጋር ካነበቡትና ካረሙት አንዱ ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል፤ አልጻፍንም። ቃሉ ግን የሁላችንም ስለ ነበረ እንዲቀር ፈቅዷል። እንደነዚያ ነን። እንደነዚያ መሆናችንን ያወቅን ቀን ነው ለእነርሱም ለራሳችንም የምንበጀው።